ከጠርዙ ጀምሩ፦ በእጅ ለተሠራ የስፒከር ሳጥን የሚበረክት ፊኒሺንግ አመራረጥ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በዛሬው የእጅ ሙያ ዝግጅታችን የምንነጋገረው በአገራችን ብዙ ሰው ሞንታርቦ ብሎ ስለሚጠራው ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ነው። ስለ አሠራሩ ሌላ ቀን እንመለስበታለን፤ ዛሬ ስለ ልብሱ ነው። ሳጥኑ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ በኮላና በብሎን ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ምን እንቀባው? ቫርኒሽ ነው፣ ዘይት ቀለም፣ የመኪና ቀለም፣ ፎርማይካ ወይስ ምንጣፍ?

አምቦ የድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ የትውልድ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ሙዚቃ ከኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የሠርግ ድንኳኑ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ የጸሎት ቤቱ፣ የምረቃ አዳራሹ ሁሉ ስፒከር ይፈልጋል። ከውጭ የሚገባው ባለ ስም ዕቃ ደግሞ ገና ሥራ ለሚጀምር ወጣት የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ዎፈሩንና ትዊተሩን ከተበላሸ ዕቃ ፈትቶ ወይም መርካቶ ወርዶ ገዝቶ፣ ሳጥኑን ራስ መሥራት ወይም አናጺ ዘንድ ማሠራት የተለመደ ነው። እነዚህ ልጆች ልኬቱን ሲያሰሉ፣ ሽቦውን ሲበይዱ፣ ድምፁን በጆሯቸው እየሰሙ ሲያርሙ ማየት ደስ ያሰኛል። የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ድካም በአንድ ክረምት ሲበላሽ ነው። ነሐሴ ላይ የሳጥኑ ግርጌ ያብጣል፤ መስከረም ላይ ቀለሙ ይላላጣል፤ ጥር ገብቶ የሠርጉ ሥራ ሲጧጧፍ ብሎኑ እንጨቱን አልይዝም ይላል። ዎፈሩ ደህና ነው፣ አምፕሊፋየሩም ደህና ነው፤ ሳጥኑ ግን አለቀለት። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቀለሙ ርካሽነት አይደለም። ፊኒሺንጉ የተመረጠው ለዓይን ማማሩ ብቻ ታይቶ ነው፤ ውሃ የሚገባበት ቦታም ሳይዘጋ ቀርቷል።

እናም ወደ ቀለም መሸጫ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ። ሳጥኑ ከምን ተሠራ? ኑሮውስ የት ነው?

ከምን ተሠራ ከሚለው እንነሣ። እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ቺፑድ ነው፤ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀትና በኃይል ተጨምቆ የሚወጣ ገበታ። ኤምዲኤፍ የሚባለውም ወንድሙ ነው፤ የእሱ እንጨት እስከ ክር ድረስ የደቀቀ ስለሆነ ፊቱ በጣም ልስልስ ነው። ክብደቱም በሜትር ኩብ ወደ 750 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከባድና ወጥ በመሆኑ ለስፒከር ሳጥን ይወደዳል፤ በድምፁ ብዙ አይንቀጠቀጥም። የሁለቱም ጠላት አንድ ነው፣ ውሃ። ተጨምቆ የተያዘው እንጨት ውሃ ሲያገኝ ጭመቃው ይላላና ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ያበጠ ቺፑድ በፀሐይ አይድንም። ብሎንም ከዚያ በኋላ የሚቆነጥጠው ነገር አያገኝም።

ኮምፔንሳቶ ይሻላል። ስስ የእንጨት ሉሆች አንዱ በሌላው ላይ አቅጣጫቸው እየተሻገረ ስለሚጣበቁ፣ አንዱ ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ሲል ሌላው ይይዘዋል። የመድረክ ስፒከር የሚሠሩ የውጭ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት የበርች ዛፍ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጥሩ የሚባለው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ 13 ሉህ አለው። እኛ ዘንድ የሚገኘው ሉሁ ከዚያ ያነሰ፣ አንዳንዴም መሐሉ ክፍተት ያለው ነው። በምትገዙበት ጊዜ ጠርዙን እዩት፤ ቀዳዳ ከበዛበት ተዉት።

ስለ ሳንቃም ላንሣ፤ ዋንዛ የሚወዱ ብዙዎች ናቸውና። ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት ነው፤ ውበቱም ድምፁም የታወቀ ነው። ሆኖም ሙሉ ሳንቃ በክረምት ወደ ጎን ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፤ ሰፊ ሳጥን ከሱ ብቻ ከተሠራ መጋጠሚያው ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። ሌላም ነገር አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94/1994 ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት የተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ጊንጪ አጠገብ ያለው የጪሊሞ ደን ጽድና ዝግባ ከቀሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። የዋንዛ መልክ ከፈለጋችሁ ስሱን የዋንዛ ልባስ በኮምፔንሳቶ ላይ አስለጥፉ። እንጨቱ የመጣበትን ጠይቁ፤ የባለሙያ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ቫርኒሹ ወይም ቀለሙ ድምፁን ይለውጠዋል ወይ? ለክራር ወይም ለማሲንቆ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ድምፁን የሚያወጣው አካሉ ራሱ ነው። የስፒከር ሳጥን ሥራው ተቃራኒ ነው፣ ዝም ማለት። ድምፁ ከዎፈሩና ከትዊተሩ ይውጣ፤ ሳጥኑ አይንቀጥቀጥ፣ አየርም አያፍስ። የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ እንኳ የማይሞላ ቀለም 18 ሚሊ ሜትር ገበታን ሊያጠነክረው አይችልም። ስለዚህ ይህ ቀለም ቤዝ ይጨምራል ለሚላችሁ ነጋዴ ገንዘባችሁን አትስጡ። ፊኒሺንግ ድምፅን የሚጠብቀው በሌላ መንገድ ነው። እርጥበት መጋጠሚያውን ከከፈተው አየር ያፈሳል፤ አየር ካፈሰሰ ቤዙ ይሳሳል፣ ሳጥኑም ይንጫጫል። ከሦስት ዓመት በኋላም ድምፁ እንደ መጀመሪያው ቀን እንዲሆን የሚያደርገው ጥሩ ፊኒሺንግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፣ ወደ ጠርዙ። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ፊቱ የተጨመቀ በመሆኑ ውሃን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል። የተቆረጠው ጠርዝ ግን ክፍት ነው፤ የተቀባውን ሁሉ ይመጥጣል፣ ደጋግሞ ይመጥጣል። በፊቱ ላይ ሁለት እጅ ቀለም የሚያብረቀርቅ ሆኖ ሳለ ጠርዙ ላይ ያው ሁለት እጅ ደረቅና ሻካራ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ያ ሻካራ ቦታ የውሃ መግቢያ በር ነው። ብዙ ሰው ፊቱን አራት እጅ ቀብቶ ጠርዙን በአንድ እጅ ያልፈዋል። እኔ የምለው የተገላቢጦሹን ነው፤ ብር ካጠራችሁ ከፊቱ ቀንሱና ለጠርዙ ስጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠርዙን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180 አለስልሱ። ሹሉን ማዕዘን ትንሽ ክብ አድርጉት፤ ቀለም በሹል ማዕዘን ላይ ስለሚሸሽ እዚያ ሁልጊዜ ይሳሳል፣ በመጀመሪያው ግጭትም የሚላጠው እዚያው ነው። ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ማዞር ይበቃል። ከዚያ ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ጠርዙን አጠጡት። ሲደርቅ ክሩ ተነሥቶ ሻካራ ይሆናል፤ አለስልሱና ድገሙት። ስቱኮ የምትጠቀሙ ከሆነ ከዚህ በኋላ በስሱ ምቱት፣ ደግሞም አለስልሱት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ነጭ ኮላ ብቻውን ውሃ አይከለክልም፣ ውሃ ሲቆይበት መልሶ ይለሰልሳል። ሥራው የጠርዙን ጥም መቁረጥ ብቻ ነው። በላዩ የዘይት ፕራይመር፣ በፕራይመሩ ላይ ደግሞ ቀለሙ መምጣት አለበት። ጠርዙ እንደ ፊቱ እኩል ሲያብረቀርቅ ያኔ ተዘግቷል ማለት ነው።

የሳጥኑ ግርጌና ውስጡም አይረሱ። ግርጌው ስለማይታይ ሳይቀባ ይቀራል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የሚቀመጠው ግን እሱ ነው። ውስጡ ባዶውን ከቀረ ደግሞ ገበታው በአንድ ፊቱ ብቻ እርጥበት እየሳበ ይጣመማል። ለውስጡ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ከፕራይመሩ የተረፈው አንድ እጅ ይበቃዋል። ከግርጌው አራት የጎማ እግር ብትመቱለት ከመሬት ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይልና በርጩማ ላይ የተቀመጠ ያህል ይድናል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው ጥያቄ የሳጥኑ ኑሮ ነው።

ቤት ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ የሚኖር ሳጥን ዕድለኛ ነው። ዝናብ አያገኘውም፤ የሚነካው የአቧራ ጨርቅና የልጆች እጅ ነው። እዚህ ቫርኒሽ ወይም ላኬር ያምራል፤ የዋንዛውን መልክ ያወጣል። የተልባ ዘይትም ጥሩ ነው። የእንጨት ዘይት በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል እንጂ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ስለዚህ ጥሬ የተልባ ዘይት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ከቀለም መሸጫ የሚገኘውን፣ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ የተጨመረበትን ፈልጉ። በስሱ ቀቡት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ጥረጉት፤ በሦስተኛው እጅ ላይ በንብ ሰም ብትወለውሉት የሚወደድ ጸዳል ይሰጣል። የወጥ ቤት የፓልም ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ መቼም አይጠነክርም፣ አቧራ ብቻ ይሰበስባል።

አደራ የምለው ግን አለ። የተልባ ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨባብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። የእንጨት ሥራ ቤቶች የተቃጠሉበት እውነተኛ ምክንያት ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሱቅ በር ላይ የሚቆመው ሳጥን ግን ሌላ ኑሮ አለው። ፀሐይ፣ የመንገድ አቧራ፣ ድንገተኛ ካፊያ ያገኘዋል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ሆለታ ደግሞ 2,400 አካባቢ ናት። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር ጥርት ያለውን ቫርኒሽ አልፎ ከሥሩ ያለውን እንጨት ይበላል፤ እንጨቱ ሲበላ ቫርኒሹ የሚይዘው አጥቶ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ቫርኒሹ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቦታው አልሆነለትም። ደጅ ለሚውል ሳጥን ጨረሩን የሚጋርድ፣ ድፍን ቀለም ያስፈልጋል። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች፣ እነ ነፋስ ስልክና ካዲስኮ የሚያመርቱት ዓይነት ዘይት ቀለም ለዚህ በቂ ነው፤ አንድ እጅ ፕራይመር፣ ሁለት እጅ ቀለም። ሁሉም ሰው ጥቁር ይወዳል። የመድረክ ስፒከር ጥቁር የሆነው በጨለማ መድረክ ላይ ዓይን እንዳይስብ ነው እንጂ ስለሚበረክት አይደለም። ለደጅ ግራጫ ምረጡ፤ ጥቁር በቀትር ፀሐይ በጣም ይግላል፣ መጋጠሚያውንም ያስጨንቀዋል።

ለሱቅና ለምግብ ቤት እኔ ከሁሉ የምመርጠው ፎርማይካን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1913 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ፋብሪካ መጀመሪያ ያመረተው ለኤሌክትሪክ መከለያ ነበር፤ ሙቀትና ውሃን የሚችለው በሙጫ የተጠጣ ወረቀት በኃይል ተጨምቆ ስለሚሠራ ነው። በማስቲሽ ይለጠፋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አይጫጫርም ማለት ይቻላል። ደካማ ጎኑ ማዕዘኑ ነው፤ ሲጋጭ ይሰበራል፤ ከተሰበረም ውሃው ከሥሩ ይገባል። ማዕዘኑን በአሉሚኒየም ወይም በእንጨት ድርብ ከከለላችሁት ብዙ ዓመት ያገለግላችኋል። እዚህም ቢሆን ጠርዙ ከፎርማይካው በፊት ይዘጋ።

ሦስተኛው መንገደኛው ሳጥን ነው። ሠርግ ለሠርግ፣ ጉባኤ ለጉባኤ የሚዞር፤ ጠዋት አምቦ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ማታ ባኮ የሚወርድ። ባኮ 1,650 ሜትር ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ጌዶ ዳገቱ ላይ ብርድና ጉም አለ። በአንድ ቀን መንገድ ሳጥኑ ብዙ ዓይነት አየር ያልፋል፤ በዚያ ላይ ገመድ ይፈገፍገዋል፣ ሌላ ሳጥን ይወድቅበታል። እዚህ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ያሳፍራል፤ እያንዳንዱን ጭረት ያሳያልና።

ብዙዎች ምንጣፍ ያለብሱታል። ግጭት ይችላል፣ የአናጺውን ጉድለት ይሸፍናል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን አንዴ ከራሰ ውሃውን ይዞ ይቆያል፤ ሥሩ ያለው ቺፑድ ለቀናት እርጥብ ይሆናል፣ ይሻግታል። የዓለም ባለሙያዎችም ከምንጣፍ ወደ ሻካራ ቀለም የሄዱት ስለዚህ ነው፤ ወፍራም፣ በውሃ የሚቀጥን የአክሪሊክ ቀለም፣ ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ። ጭረት አይታይበትም፣ የተላጠ ቦታ ቢኖር በዚያው ላይ ይደገማል፣ መገናኛውም አይታወቅም። እኛ ዘንድ ይህ ዓይነቱ በቀላሉ አይገኝም። ለቤት ግድግዳ የምንጠቀምበት ኳርትዝ ቀለም ግን ዝምድና አለው፤ እሱም አክሪሊክ ነው፣ አሸዋ መሰል ቅንጣት አለው። ለግድግዳ የተሠራ በመሆኑ እንደ መድረኩ ቀለም ጠንካራ አይደለም። ቢሆንም በዘይት ፕራይመር በደንብ በተዘጋና በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ በተጫጫረ ሳጥን ላይ፣ በሩሎ ሁለት እጅ ተመትቶ፣ ማዕዘኑ በብረት ከተከለለ ለመንገደኛ ሳጥን ከምንጣፍ ይሻላል ብዬ እመክራለሁ። መጀመሪያ ግን ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

ሙከራ ስል በዓይን ማየት ማለቴ አይደለም። ከሳጥኑ የተረፈውን ቁራጭ ልክ እንደ ሳጥኑ አዘጋጁትና ቀቡት፤ አንድ ሳምንት ይጠንክር። ከዚያ በምላጭ በሁለት ሚሊ ሜትር ርቀት ስድስት መሥመር ወደ ታች፣ ስድስት ደግሞ ወደ ጎን ጭረቱበት፤ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ። ጥሩ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ንጠቁት። ይህ የቀለም ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት፣ አይኤስኦ 2409 በሚል ቁጥር የሚታወቅ ፈተና ነው። ካሬዎቹ በቦታቸው ከቀሩ ቀለሙ ይዟል። ከፕላስተሩ ጋር ተነሥተው ከመጡ ገበታው አቧራ ነበረበት፣ ቅባት ነበረበት ወይም ፕራይመሩ አልደረቀም። ሌላውን ቁራጭ ደግሞ ጠርዙን ወደ ታች አድርጋችሁ በረጠበ ጨርቅ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ውፍረቱን በጣታችሁ ዳስሱ። ካበጠ ጠርዙ ገና አልተዘጋም፤ ሳጥኑን ከማጣት ቁራጩን ማጣት ይሻላል።

ስለ አየሩም ላክል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚቀባ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ላኬር በእርጥብ አየር ሲረጭ ማቅጠኛው በፍጥነት ይተንና ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ቅዝቃዜው ከአየሩ ላይ እርጥበት ይስባል፣ ላኬሩ ላይም ነጭ ጉም ይቀራል። የቀለሙ ጥፋት አይደለም፣ የቀኑ ነው። ዘይት ቀለምም ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን አይደርቅም ማለት ይቻላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛም ይወርዳል። ስለዚህ በበጋም ቢሆን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀቡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት አስገቡ። በሁለት እጅ መካከል 24 ሰዓት ቆዩ፤ በመካከሉም በ320 ቁጥር ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አሹት። አንድ ወፍራም እጅ የሦስት ስስ እጅ ምትክ አይሆንም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል።

የመኪና ቀለም ለሚያስቡም አንድ ቃል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ባለ ሁለት ክፍሉ ቀለም ከሁሉ ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ማጠንከሪያው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ ሲረጭ ሳንባ ይገባል፣ ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ የጨርቅ ማስክ አይበቃም። የሚረጭበት ክፍልና ትክክለኛ የመተንፈሻ መከላከያ ላለው የመኪና ቀለም ቤት ስጡት እንጂ ግቢ ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት አትሞክሩት። አሮጌ ቀለም የምትፍቁም ጥንቃቄ አድርጉ። በኢትዮጵያ የቀለም የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የተደነገገው በደንብ ቁጥር 429/2018 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በደረቁ አትፍቁት፤ በውሃ እያረጠባችሁ ፍቁ፣ ብናኙንም ሰብስቡ።

ቀለሙ ሲደርቅ ዎፈሩን ለመግጠም አትቸኩሉ። ሽታው እስኪጠፋ ጥቂት ቀናት ሳጥኑን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፤ የታፈነ የማቅጠኛ ትነት የዎፈሩን የስፖንጅ ጠርዝና ሙጫውን ያለሰልሳል። ስትገጥሙ ከዎፈሩ ቀለበት ሥር ስስ ስፖንጅ አድርጉ። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ዝግ ዓይነት ከሆነ የዎፈሩን ኮን በጣቶቻችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ አየር አያፈስም፤ ወዲያው ከዘለለ የሚያፈስበትን መጋጠሚያ ፈልጉ።

ከቀባችሁት ቀለም ጥቂት በትንሽ ጠርሙስ ከድናችሁ ከብሩሽ ጋር በዕቃ ሳጥናችሁ ያዙ። ከሠርግ ስትመለሱ ማዕዘኖቹን በጣታችሁ ዳስሱ፤ የተላጠ ካለ ሳያድር አንድ እጅ ስጡት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የተቀደደ የዎፈር ጠርዝ እንዴት እንደሚቀየር እንነጋገራለን።